በሐዘን ላይ ያለ ሰው ልብ ወለድ ቢያነብ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜን ከቀበርን ሰባት ወራችን ነው። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስሙን አንሥታ አታውቅም፤ እኔም ሐዘኗን እንዳልቀሰቅስባት ዝም እላለሁ። በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ልጁን ያጣ አባት ከእግዚአብሔር ጋር የሚሟገትበትን መንፈሳዊ ልብ ወለድ አዋሰችኝ። ግማሹን እያለቀስሁ አነበብሁት፤ ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ እያለ የፈጠራ ታሪክ፣ ያውም በአምላክ ላይ የሚያማርር ሰው ታሪክ ማንበብ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ አቋረጥሁት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ነቢዩ ናታን የንጉሥ ዳዊትን ልብ የከፈተው በአንድ ድሃና በአንዲት ጠቦቱ ታሪክ ስለሆነ፣ ታሪኩ ፈጠራ መሆኑ ብቻውን አያስነቅፈውም። ምሬቱንም ቢሆን ዳዊት የሚደግም ሁሉ ያውቀዋል፤ በግእዙ አቆጣጠር 87ኛው መዝሙር አንድም የደስታ ቃል ሳይከተለው በጩኸት ያበቃል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሐዘንተኛውን ዝም የሚያሰኝ መጽሐፍ ነው። የሞቱ ምክንያት ተብራርቶ፣ ያዘነው ሰው በሁለት ጸሎት ተጽናንቶ የሚያልቅ ድርሰት፣ ቁስሉ ያልጠገገለትን አንባቢ «እምነቴ ቢጎድል ነው» እያለ ራሱን እንዲወቅስ ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ሳይጨርሱ ቢመልሱት አይጸጸቱ።

ከዚህ የተለየውን ለማየት የሩሲያዊውን የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ይመልከቱ። ደራሲው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1878 ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ አሌክሴይ በሚጥል በሽታ ሞተበት፤ በቀጣዩ ወር ወደ ኦፕቲና ገዳም ሄዶ ከአረጋዊው መነኩሴ ከአምቭሮሲ ጋር ተነጋገረ፤ ባለቤቱ አና እንደመሰከረችውም፣ መነኩሴው ለእርሷ የላኩላትን የማጽናኛ ቃል በልብ ወለዱ ውስጥ አባ ዞሲማ እንዲናገሩት አደረገ። በዚያ ምዕራፍ የሕፃን ልጇ ሐዘን ከባሏና ከቤቷ ያስወጣት እናት ወደ አባ ዞሲማ ትመጣለች። እርሳቸውም በመጀመሪያ ልጇ በእግዚአብሔር ዙፋን ፊት እንዳለ ይነግሯታል። እርሷ ግን ባሏም ይህንኑ እንደሚላት፣ ልጇ ግን አጠገቧ እንደሌለ ትመልሳለች። አባ ዞሲማ አይከራከሯትም፤ መጽናናትን እንቢ ያለችውን ራሔልን አንሥተው፣ ሳትጽናና እንድታለቅስ ይፈቅዱላታል፤ ባለቀሰች ቁጥር ግን ልጇ ከመላእክት አንዱ መሆኑን እንድታስብ ይለምኗታል። ለቅሶ ቤት ገብተን «ይብቃችሁ» ማለት ለሚቀናን ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ ባሏን ብቻውን እንዳትተወው ነግረዋት፣ ዛሬውኑ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ያዝዟታል፤ እርሷም እሺ ትላለች።

ያቋረጡትን መጽሐፍ ቀስ ብለው ይጨርሱት፤ የሚያስፈራዎትን ገጽ ይዘው ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሚያምኑት የእምነት መምህር ያሳዩት። እናትዎ ከፈቀዱም አንድ ምዕራፍ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ የወንድምዎን ስም የማያነሡት እርሳቸውም የእርስዎን ሐዘን ላለመቀስቀስ ብለው ሊሆን ይችላል።