የዲጄ ኮንትሮለር ጥያቄ ያላችሁ፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ

ሰላም ቤተሰብ። የሰርግ ዲጄ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ጾም ስለሆነ ሥራ የለም፣ ስለ ኮንትሮለር (ላፕቶፕ ላይ ያለውን ዘፈን በእጅ የምናጫውትበትና የምናቀላቅልበት ዕቃ) ጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስለ ዕቃ ከመጠየቃችሁ በፊት በየትኛው ሶፍትዌር እንደምትጫወቱ ጻፉ። ሴራቶ ነው? ሬኮርድቦክስ? ቨርቹዋል ዲጄ? ትራክተር?

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ የቱ ይሻላል?

ሶፍትዌር?

ጀማሪው፦ ገና አልመረጥኩም።

እንግዲያው ሁለት በር ያለው ውሰድ። ዲዲጄ-ኤፍኤልኤክስ4 የሚባለው ኮንትሮለር ከሬኮርድቦክስም ከሴራቶም ጋር ይሠራል። ስትሰካው ሬኮርድቦክስ ሳትከፍል ይከፈትልሃል። ሴራቶ ላይ ግን የምታገኘው ላይቱን (ቀለል ያለውን) ነው፣ ፕሮውን (ሙሉውን) ካልክ ገንዘብ አለው። ዲዲጄ-200ን በዋጋው አይተህ እንዳትዘል። በውስጡ ሳውንድ ካርድ (ድምፁን የሚያወጣው ክፍል) የለም፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም የለውም። ቀጣዩን ዘፈን ለብቻህ ለመስማት ድምፁን ለሁለት በሚከፍል ገመድ ልትታገል ነው።

ከዱባይ፦ ለወንድሜ ይዤለት ልመጣ ነው። ባለብዙ መብራቱ አሪፍ ነው?

ሶፍትዌር! መብራት ሙዚቃ አያጫውትም።

ቺክቺካ፦ ሲንክ (የሁለት ዘፈን ምት በራሱ የሚያገጣጥመውን ቁልፍ) ስጫን የፈረንጁ ዘፈን ልክ ይገባል፣ የእኛው ይጋጫል። ኮንትሮለሬ ተበላሽቶ ነው?

ተባረክ! ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። ዕቃህ ደህና ነው። ችግሩ ሶፍትዌሩ ዘፈኑን ሲቆጥር ነው። አብዛኛው ሶፍትዌር የለመደው እንደ ሃውስ ያለ በአራት የሚቆጠር ምት ነው። የእኛ ቺክቺካ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። በእግርህ በደቂቃ 100 እየረገጥክ ሶፍትዌሩ 150 ብሎ ይጽፍልሃል፣ ወይም 67። እጥፍና ግማሽ የሚያደርገው ቁልፍ እዚህ አያድንህም፣ ስህተቱ የሦስት ለሁለት ነው። ታፕ የሚለውን ቁልፍ ይዘህ ምቱን ራስህ ምታለት።

የድሮዎቹ ደግሞ ይብሳሉ። ባንዱ አንድ ላይ ቆሞ ነው የተቀዳው፣ ከበሮ መቺው ጆሮ ላይ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) የለም። አዝማቹ ላይ ሲሞቃቸው ይፈጥናሉ። ሬኮርድቦክስ ላይ ትንተናውን ዳይናሚክ (ፍጥነቱ ሲለወጥ የሚከተለውን) ብታደርገው ትንሽ ይከተላል። እኔ ግን ለሐበሻ ዘፈን ሲንክ አልነካም።

ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ ፒች ፌደሩን (የዘፈኑን ፍጥነት በእጅ የሚቀይረውን ተንሸራታች) እዩ። 100 ሚሊሜትር የሚሄድ ፌደር በ±10 በመቶ ሲሆን፣ አንድ ሚሊሜትር ስትገፉ ፍጥነቱ 0.2 በመቶ ይለወጣል። 50 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ እጥፍ ይዘላል። 120 ላይ ወደ ግማሽ ቢፒኤም (በደቂቃ ምት) ማለት ነው። ጣታችሁ ላብ ይዞት፣ ሰው እየጨፈረ፣ ይሄ ብዙ ነው።

ቪኒል ነፍሴ፦ ሲንክ የነካ ዲጄ አይባልም።

የሰርግ ልጅ፦ ባክህ! ሚዜዎቹ ሲንክ ተጫንክ አልተጫንክ ምን ገዷቸው? ዘፈኑ እንዳይቋረጥ ነው የሚፈልጉት።

ቪኒል ነፍሴ፦ ባለፈው ምቱ ሲንጋጋ ሰምተንሃል እኮ።

የሰርግ ልጅ፦ ሞኒተር (ለእኔ የሚያሰማ ስፒከር) ስላልነበረ ነው!

ሁለታችሁ ውጭ ወጥታችሁ ተነጋገሩ። ቀጣይ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከዚህ ገዝቼ ብመጣ ኤሌክትሪኩ አያቃጥለውም?

ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ከሆነ አያሳስብም። የራሱ አዳፕተር ካለው ጀርባውን አንብብ፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ይሠራል። 120 ብቻ ካለ ተወው።

እኔ ባለ አዳፕተር አልወድም። የዕቃውን ስም አልጠራም። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ቶሎ ተነሳ፣ ስፒከሩም ተመለሰ። ኮንትሮለሬ ግን ጠፍቶ ሲነሳ ላፕቶፑ ሳውንድ ካርዱን ረስቶታል። ሶፍትዌሩን ዘግቼ እስክከፍት ሙሽራዋ ቬሎዋን በእጇ ሰብስባ ቆማለች። እናቶች በእልልታ ያዙልኝ እንጂ አልቆልኝ ነበር። በዩኤስቢ የሚሠራ ቢሆን በላፕቶፑ ባትሪ ሳይጠፋ ይጠብቀኝ ነበር።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ለጀማሪ የትኛው አሪፍ ነው?

ከላይ አንብብ።

ላፕቶፕ፦ ዊንዶውስ ይሻላል ማክ?

ያለህ ይሻላል። ዊንዶውስ ከሆነ የአምራቹን ድራይቨር ጫን። በፈሩን (ላፕቶፑ ድምፅ ከመላኩ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) ከ512 ጀምር፣ በ44,100 ኸርዝ 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ድምፁ ከተንጣጣ ከፍ አድርገው። ሌላውን የኮምፒውተር ባለሙያ ጠይቅ።

ሁለተኛ እጅ፦ ያገለገለ ልገዛ ነው፣ ምን ልይ?

ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ፣ በሻጩ ላፕቶፕ አትሞክር። ክሮስፌደሩን (ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ተንሸራታች) ወደ አንድ ጎን ዝጋና የሌላው ዘፈን ሾልኮ ይሰማ እንደሆነ በጆሮ ማዳመጫ አድምጥ። ፒች ፌደሩን መሃል ላይ ተወውና ቁጥሩን እይ፣ ሳትነካው ከተንቀጠቀጠ አትግዛ። የዩኤስቢ ገመዱን ነቅነቅ አድርገው።

የአዳራሽ ልጅ፦ አዳራሽ ውስጥ ለመሥራት ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግሩ የድምፅ መሰኪያ) የግድ ነው?

ገመዱ ረጅም ከሆነ አዎ። አርሲኤ (ቀይና ነጩ መሰኪያ) ርቀት ላይ ጉርምርምታ ያነሳል። ኤፍኤልኤክስ4 አርሲኤ ብቻ ነው ያለው። ሚክሰሩ አጠገብህ ከሆነ ይበቃል።

ከዱባይ፦ ወንድሜን ደውዬ ጠየቅኩት። ቨርቹዋል ዲጄ ነው አለኝ።

እንዲህ ነው እንጂ! ቨርቹዋል ዲጄ አብዛኛውን ኮንትሮለር ይቀበላል፣ ፈቃዱን ግን ይግዛ። አንተ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራውን ፈልግለት። ሱቅ ስትገባ ማስመሪያ ያዝና ፌደሩን ለካ፣ ሻጩ ቢስቅብህም።