መልስ፦ ሐበሻ ያለበት የጥቁርና የነጭ ፍቅር ልብ ወለድ

ሐበሻ ገጸ ባሕርይ ያለበት፣ ስለ ጥቁርና ነጭ ፍቅር የሚተርክ ልብ ወለድ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ከትውልደ ኢትዮጵያዊው አሜሪካዊ ደራሲ ከዲናው መንግሥቱ ጀምሪ። የመጀመሪያ መጽሐፉ «ዘ ቢውቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» በ2007 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሰፋ እስጢፋኖስ ከኢትዮጵያ አብዮት ሸሽቶ ዋሽንግተን፣ ሎጋን ሰርክል ውስጥ ትንሽ ሱቅ ይዟል። ጁዲት የምትባል ነጭ ሴት ክልስ ልጇን ኔኦሚን ይዛ ጎረቤቱ ትሆናለች። እኔን የያዘኝ ግን የሁለቱ ፍቅር ብቻ አይደለም። ሰፋና ትንሿ ልጅ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለው የዶስቶየቭስኪን ወፍራም መጽሐፍ አብረው ሲያነቡ ሆዴ ባባ። ከኮንጎና ከኬንያ ከመጡት ጓደኞቹ ጋር ያለው ወዳጅነትም ልብ ይነካል። በጣም ነው የወደድኩት! ቀጥለሽ የ2014ቱን «ኦል አወር ኔምስ» አንብቢ። እዚያ ነጯ ፍቅረኛ ሄለንም ራሷ ትተርካለች።