«ዘ ቤስት» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሐረር ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ለማስጎብኘት የሚዘጋጁ ልጆችን ቋንቋ አለማምዳለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሱፐርላቲቭ ነው፤ አንድን ነገር ከሁሉ በላይ ወይም ከሁሉ በታች አድርገን ስለምንናገርበት የእንግሊዝኛ ቅጽል። ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፣ በፈተናም መልሳችሁታል። ይሁንና የሥራ ማመልከቻ ስትጽፉና እንግዳ ፊት ስትቆሙ ሲበላሽባችሁ አያለሁ።

አሠራሩን ቶሎ ልለፈው። ቅጽሉ ባለ አንድ ሲላብል ከሆነ መጨረሻው ላይ «ኢ-ኤስ-ቲ» ይጨመራል፤ «ኦልድ» የነበረው «ኦልደስት» ይሆናል። ድሮውንም በ«ኢ» የሚያልቅ ከሆነ፣ እንደ «ላርጅ»፣ «ኤስ-ቲ» ብቻ ይበቃዋል። በአንድ አናባቢና በአንድ ተነባቢ ሲያልቅ ተነባቢው ይደገማል፤ «ቢገስት» ላይ ሁለት «ጂ»፣ «ሆተስት» ላይ ሁለት «ቲ» የምንጽፈው ለዚህ ነው። እንደ «ቢዚ» በተነባቢና በ«ዋይ» የሚያልቁት «ዋይ»ን ወደ «አይ» ይለውጣሉ። ረጃጅሞቹ «ሞስት»ን ያስቀድማሉ፤ «ሞስት ቢዩቲፉል» እንደምንለው። «ታየርድ»ና «ቦርድ» አጭር ቢሆኑም የተለመደው በ«ሞስት» ነው። «ጉድ»ና «ቤስት»፣ «ባድ»ና «ወርስት»፣ «ሊትል»ና «ሊስት» በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የላቸውም። ሁለቱን ደራርባችሁ «ሞስት ቢገስት» አትበሉ። አሠራሩ ይኸው ነው፤ የሚተጋ ተማሪ ባንድ ሳምንት ይጨርሰዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚከብደው። ሱፐርላቲቭ ድንበር ይፈልጋል። ትልቁ ስትሉ ከየትኞቹ መካከል? የት ውስጥ? በማን ሚዛን? ድንበሩን ያላስቀመጠ ሰው ሰዋስዉ ትክክል ቢሆን እንኳ አድማጩን አያሳምንም።

በቅርቡ ከአንዲት ሰልጣኝ ጋር ከፈረስ መጋላ ተነስተን በመኪና ግርግር በኩል ወደ ውስጥ ገባን። ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን እየረገጡ ነበርና ድምፁ እስኪርቅ ሳንነጋገር ሄድን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ስንደርስ ቆመችና እኔን ቱሪስት አድርጋ፣ «ዚስ ኢዝ ሞስት ናሮ ስትሪት ፍሮም ሐረር» አለችኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ አነጋገሯም ፍርሃት የለበትም።

መጀመሪያ «ዘ»ን አስገባን፤ ከሁሉ ተለይቶ የታወቀ ነገር ስለሆነ አርቲክሉ ግድ ነው። ቀጥሎ «ናሮ»ን አየን። ባለ ሁለት ሲላብል ሆኖ እንደ «ናሮ»፣ «ሲምፕል» ወይም «ክሌቨር» የሚያልቅ ቃል «ኢ-ኤስ-ቲ»ን ይቀበላል፤ «ሞስት ናሮ» የሚሉ አሉ፣ የተለመደው ግን «ናሮወስት» ነው። «ፍሮም» ያመጣችው ከአማርኛችን ነው፤ እኛ «ከሁሉ»፣ «ከክፍሉ» ስለምንል እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ለቦታ «ኢን»፣ ለቡድን «ኦፍ» ይላል። ስለዚህ «ዘ ናሮወስት ስትሪት ኢን ሐረር» ሆነ።

አልጨረስንም። «ለክተሽዋል ወይ?» አልኳት። «ሰው ሲል ሰምቼ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። እንግዲያው «ዋን ኦፍ ዘ ናሮወስት ስትሪትስ ኢን ጀጎል» በዪ፣ ማንም አይከራከርሽም አልኳት። እዚህ ላይ «ስትሪትስ» በብዙ ቁጥር መሆኑን አስተውሉ። «ዋን ኦፍ» ብሎ ጀምሮ በነጠላ መጨረስ የብዙዎቻችሁ ስሕተት ነው፤ ከብዙዎች አንዱን ስታወጡ ብዙዎቹ መኖር አለባቸው።

ሐረርን «ዚ ኦልደስት ሲቲ ኢን ኢትዮጵያ» እያሉ የሚያስጎበኙም ሰምቻለሁ። እንግዳው ምናልባት አክሱምን አይቶ የመጣ ነው። በዚያች አንዲት ቃል ከተጠራጠረ ቀጥሎ የሚነገረውን እውነት ሁሉ በጥርጣሬ ይሰማል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የያዝነው እውነት ማጋነን አያስፈልገውም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዩኔስኮ 82 መስጊዶች እንዳሉት፣ ሦስቱም ከ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆኑ ጽፏል። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአሚር ኑር ስም ጋር ይነሳል። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር ብላችሁ አምስቱን ጥንታዊ በሮች ስትጠሩ እንግዳው ራሱ ሱፐርላቲቩን ያመጣዋል።

ሁለት ነገር ብቻ ስታወዳድሩ ሱፐርላቲቭ ቦታው አይደለም። ድሬዳዋና ሐረር ሲሆኑ «ድሬ ኢዝ ሆተር ዛን ሐረር» ነው፤ በመካከላቸው ያለውን የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ጅቡቲን ሦስተኛ ስታደርጉ ነው «ጅቡቲ ኢዝ ዘ ሆተስት ኦፍ ዘ ስሪ» የሚባለው። በንግግር ይህን የማይጠብቁ የቋንቋው ባለቤቶች አሉ፤ በጽሑፍና በፈተና ግን ጠብቁት። ደግሞም አብዛኛው ሰው ለማለት «ሞስት ፒፕል» ይበቃል፤ «ዘ» አይገባበትም።

የማመልከቻ ደብዳቤ እንዳርምላቸው የሚያመጡልኝ ልጆች «አይ አም ዘ ቤስት ካንዲዴት» ብለው ይጀምራሉ። ሌሎቹን አመልካቾች አላያችኋቸውም፣ አንባቢው ግን ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል። ይልቅ ምስክር ወረቀታችሁ ላይ ያለውን ጻፉ፤ እውነት ከሆነ «አይ ሃድ ዘ ሃየስት ማርክ ኢን ማይ ክላስ» በሉ። ክፍሉ ድንበር ነው፣ ማርኩም ማስረጃ ነው።

ልክ የማይጠይቅ አንድ ሱፐርላቲቭ አለ፣ እኔም በጣም እወደዋለሁ። «ዘ ቤስት ኮፊ አይ ሃቭ ኤቨር ድራንክ» ስትሉ ድንበሩ የራሳችሁ ሕይወት ነው፤ እስካሁን ከጠጣሁት ሁሉ ማለታችሁ ነው። «ሃቭ»ና «ኤቨር» የገቡትም ለዚሁ ነው። እንግዳ ቡናችሁን ቀምሶ እንዲህ ካላችሁ አመስግኑ፣ እናንተም እውነት ሲሆን ተጠቀሙበት።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና ስለ ሰፈራችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ አንዱ «ኢን» ያለበት፣ አንዱ «ኦፍ»፣ አንዱ «ኤቨር»። ከዚያ ሰፈሩን ጠንቅቀው ለሚያውቁ አንድ አባት ወይም እናት በአማርኛ ንገሯቸው። «አይ፣ እንዲህ እንኳ አይደለም» ያሏችሁን ዓረፍተ ነገር በ«ዋን ኦፍ» አስተካክላችሁ እንደገና ጻፉት፤ ስሙን በብዙ ቁጥር ማድረጉንም አትርሱ።