ሦስት ካር ሲት በአንድ የኋላ ወንበር፦ የትኛው መኪና ይችላል?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው፣ የምንነዳው ደግሞ ቪትዝ። ትልቁ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛዋ 4 ልትሞላ ነው፣ ሦስተኛውን ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቶኛል። እስካሁን ሁለቱን በካር ሲት (መኪና ውስጥ የሚታሰር የልጅ ወንበር) እያሰርን ችግር አልነበረም፣ ሦስት ሲሆኑ ግን እንዴት እንደምናደርግ ግራ ገባን። ባለቤቴ ቪትዟን ሸጠን ሰባት ሰው የሚይዝ አቫንዛ እንግዛ ይላል፣ ወንድሜ አይ ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው አይዲ ሲክስ ግዙ ይላል፣ እናቴ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ምን አደከማችሁ ህፃኑን እኔ ከፊት ታቅፌው እቀመጣለሁ ትላለች። ማንን ልስማ?
የአራት ኪሎዋ እናት

መልስ፦ እህቴ በሰላም ያገላግልሽ። መጀመሪያ የእናትሽን ነገር እንጨርሰው፣ ህፃን ታቅፎ ከፊት መቀመጥ አይሆንም፣ በቃ። መኪና በ40 በ50 ፍጥነት እየሄደ የሆነ ነገር ቢመታ የፈለገ ጉልበት ያለው ሰው እንኳን ጨቅላ ልጅ በእጁ ይዞ ማስቀረት አይችልም፣ ኤርባጉ ሲፈነዳ ደግሞ መሀል የሚገባው ልጁ ነው። ፊቱ ወደ ኋላ የሚዞረውን የጨቅላ ካር ሲትም ቢሆን ኤርባጉ ካልተዘጋ ከፊት ወንበር ላይ ማሰር ክልክል ነው፣ ብዙ መኪና ላይ የፀሐይ መከላከያዋ ላይ ስዕሉ ተለጥፏል፣ እሱን አሳዪያቸው።

አሁን ወደ መኪናው። ሁሉም ሰው መኪናውን መርጦ ካር ሲቱን በኋላ ነው የሚያስበው፣ እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የምመክርሽ። በአውሮፓ አዲሱ ደረጃ አይሳይዝ የሚባለው ካር ሲት ስፋቱ እስከ 44 ሳንቲ ሊደርስ ይችላል፣ ሦስቱን ጎን ለጎን ስታደርጊያቸው 132 ሳንቲ መጣ ማለት ነው። ጠበብ ያሉ መርጠሽ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሳንቲ ብታተርፊ 6 ሳንቲ አገኘሽ፣ 6 ሳንቲ ደግሞ በር በሚዘጋና በማይዘጋ መሀል ያለ ልዩነት ነው። ካር ሲት መቀየር መኪና ከመቀየር ጋር በዋጋ አይገናኝም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያሉሽን ሁለቱን በሜትር ለኪያቸው፣ ለትልቁ ልጅ ጠባብ ቡስተር (ልጁን ከፍ አድርጎ የመኪናው ቀበቶ እንዲገጥመው የሚያደርግ መቀመጫ) ፈልጊለት፣ የህፃኑንም ስትገዢ ስፋቱን ጠይቂ።

ባልሽ የሚለው አቫንዛ ስሙ ሰባት ሰው ነው እንጂ እስከ 2021 (በፈረንጅ) የተሰራው ሞዴል የውጪ ስፋቱ ከ166 ሳንቲ አይበልጥም፣ የመጀመሪያዋ ቪትዝም 166 ናት። ስለዚህ መሀል ወንበር ላይ ሦስት ካር ሲት ጎን ለጎን ካልሽ እዛው ነሽ፣ ርዝመት ነው የተጨመረልሽ። ደላላው "ኧረ ይበቃል እኮ" ሲልሽ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ እንደሚለው ነው፣ ካር ሲት ግን ጠጋ አይልም። ሁለቱን መሀል፣ ትልቁን ከኋላ በቡስተር ብለሽ ካሰብሽ ግን ይሰራል፣ ያኔም ወደ ኋላ መግቢያው የሚታጠፈውን ወንበር ይዞ ስለሆነ እዛ ወንበር ላይ ካር ሲት ካሰርሽ ልጁ በምን በኩል ይግባ? ያንን ጎን ባዶ ተይለት፣ የኋላውም ወንበር ለመቀመጫ ሲዘረጋ ጋሪ ማስቀመጫ እንደማይተርፍሽ አስቢ።

ወንድምሽ ኤሌክትሪክ ያለው አንድ ነገር አለው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ገበያ ላይ የምታገኚው የቤንዚን መኪና ቀድሞ የገባ ነው፣ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ሲሆን ከነሱም ሰፋፊ አሉ፦ አይዲ ፎር 185 ሳንቲ፣ የቶዮታው ቢዚ ፎር ኤክስ 186፣ የቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ 189። ከቪትዝሽ ወደ 20 ሳንቲ መብለጡ ነው፣ ይሄ ብዙ ነው። ወለላቸውም ጠፍጣፋ ስለሆነ መሀል የሚቀመጠው ልጅ እግሩን አያጥፍም። አይዲ ሲክስን ግን ባለ 6 እና ባለ 7 ሰው ሁለት ዓይነት ስላለ ባለ 6ቱን ከገዛሽ መሀል ያለው ለየብቻ የቆመ ሁለት ወንበር ነው፣ ሦስት ጎን ለጎን የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ ሻጩን ከሁሉም በፊት ይሄን ጠይቂው። ቢዋይዲ ሲጋልም ርካሽ ናት ቆንጆ ናት ግን አራት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፣ ከኋላ ሁለት ወንበር ነው ያላት፣ እሷን እርሺያት።

ልትገዢ ስትሄጂ ካር ሲቶቹን ይዘሽ ሂጂ፣ ሦስቱንም። አትፈሪ፣ ሳታስገቢ ሳትዘጊ ብር እንዳትከፍዪ። ደላላው ይጨቃጨቃል፣ ይጨቃጨቅ። እይው ከምልሽ ነገር ዋናው የቀበቶው መቆለፊያ ነው፣ ሰው ስፋቱን ይለካና መቆለፊያው ካር ሲቱ ስር ተቀብሮ ሲቀር ያኔ ነው የሚገባው። ሰባት ዓመት ልጅ ራሱ መቆለፍ አለበት፣ እጁ ካልገባ በየቀኑ አንቺ ነሽ ጎንበስ የምትዪው፣ በወሊድሽ ማግስት። መሀል ወንበር ላይ ያለው ቀበቶ ደግሞ ትከሻም ወገብም የሚይዝ ይሁን፣ ድሮ ድሮ ኮሮላዎች ላይ መሀል ወገብ ብቻ የሚያስር ቀበቶ ነው ያለው፣ ቡስተር በዛ አይታሰርም።

አይሶፊክስ (በወንበሩ መቀመጫና መደገፊያ መሀል ያለው የብረት መያዣ ማለቴ ነው) ብዙ መኪና ላይ ግራና ቀኝ ብቻ ነው ያለው፣ መሀል የለም። ሰው አይሶፊክስ ካልሆነ አያምንም፣ ግን አይሶፊክስ ቦታው አንዴ ተወስኗል፣ ወደ በሩ ልግፋው ብትዪ አይሄድም፣ በቀበቶ የታሰረ ካር ሲት ግን ሁለት ሦስት ሳንቲ ይንቀሳቀስልሻል፣ በደንብ ከጠበቀ ደህንነቱም ችግር የለውም። እና ሦስቱ በአይሶፊክስ አልገባ ካሉ አንዱን ወይም ሁለቱን በቀበቶ ሞክሪው፣ ብዙ ጊዜ የሚገቡት እንደዛ ነው። ካር ሲቱ ወለል የምትነካ የድጋፍ እግር ካለችው ደግሞ ከወለሉ ስር የዕቃ ሳጥን ያለበት መኪና ላይ ክዳኑ ላይ እንዳታሳርፊያት።

አቀማመጡን እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው፦ ህፃኑ መሀል ፊቱ ወደ ኋላ፣ ምክንያቱም የሱ ሰፊው ጎን የጎረቤቶቹ ትከሻ ከሚሰፋበት ቦታ ስለሚለይ ገጥመው ይቀመጣሉ። ትልቁ በቀኝ በር በኩል፣ ራሱ የሚወርደው እሱ ነው፣ ቀኝ ደግሞ እግረኛ መንገዱ ነው። ልጅቷ በግራ፣ በሩ ላይ የልጅ መቆለፊያውን አድርጊ። ወደ ፒያሳም ወደ ካዛንቺስም እንደ ድሮው ዳር ይዞ ማቆም ስለቀረ መውረጃችሁ ፈጣን መሆን አለበት።

ለማንኛውም ህፃኑን ቢያንስ እስከ 15 ወር ፊቱን ወደ ኋላ አድርጊው፣ ከዛም ካር ሲቱ እስከፈቀደ ድረስ ቢቆይ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ዘመድ ከአሜሪካ ያገለገለ ካር ሲት ላክልኝ፣ ኮሮላዬ ላይ ይሰራል?
ከኡራኤል

መልስ፦ ሊሰራ ይችላል ወንድሜ፣ ግን ሦስት ነገር እይ። ፕላስቲኩ ላይ ማብቂያ ቀን ታትሟል፣ ካለፈ ተወው። አደጋ አጋጥሞት እንደሆነ ዘመድህን ደፍረህ ጠይቀው፣ ስጦታ ነው ብለህ እንዳታፍር። ሦስተኛው ሰው የማያውቀው ነው፦ የአሜሪካ መኪና ቀበቶ ጫፉ ድረስ ስትስበው ይቆልፋል፣ ካር ሲቱም ብዙ ጊዜ በዛ ታስቦ ነው የሚሰራው፣ እዚህ ያሉት ብዙ መኪኖች ቀበቶ ግን ፍሬን ሲያዝ ብቻ ስለሚይዝ ካር ሲቱ እየላላ ይሄዳል። ካር ሲቱ ቀበቶው እንዳይላላ ጨምድዶ የሚይዝ የራሱ መቆለፊያ እንዳለው እይ፣ ከሌለው የቀበቶ ማሰሪያ ብረት ያስፈልግሃል። ካሰርክ በኋላ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘህ ግራና ቀኝ ነቅንቀው፣ ከ2.5 ሳንቲ በላይ ከተንቀሳቀሰ ጉልበትህን ካር ሲቱ ላይ አድርገህ እንደገና አጥብቀው።