የቲክ እንጨት ቅባት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ቲክ ከኦክ እንኳ ቀለል ይላል። ታዲያ ለመርከብ ወለልና ደጅ ለሚውል ወንበር የሚመረጠው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ብርታቱ ያለው በክብደቱ ሳይሆን በቅባቱ ነው። ሲደርቅ በኩቢክ ሜትር 650 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ የሚመዝነው ይህ እንጨት፣ የግንዱ ልብ በተፈጥሮ ቅባትና ጎማ መሰል ንጥረ ነገር የተሞላ በመሆኑ ውሃ በቀላሉ አይዘልቀውም፤ ቴክቶኪኖን የተባለው ውህድም ምስጥን ይከላከላል። ሲደርቅ የሚኮማተረው ጥቂት ስለሆነም ዝናብና ፀሐይ ቢፈራረቁበት እምብዛም አይጣመምም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚነገረው ስለ ግንዱ ልብ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ይህ መከላከያ ስለሌለው፣ ለደጅ ሥራ ፈጽሞ አልመክረውም፤ በለጋነቱ የተቆረጠ ዛፍ ደግሞ ይህ ክፍል ይበዛበታል።

ጥያቄ፦ የጠረጴዛ ሳንቃዎችን በነጭ ኮላ አጣብቄ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መጋጠሚያው ተከፈተ። ጥፋቱ የኮላው ነው?

መልስ፦ በኮላው ከመፍረድዎ በፊት ሳንቃዎቹ ከተላጉ በኋላ ምን ያህል እንደቆዩ ያስታውሱ። ከውሃ የሚጠብቀው ያው ቅባት ወደተላገው ገጽ ቀስ በቀስ እየወጣ፣ ኮላው እንጨቱን እንዳይዝ ያግደዋል። ስለዚህ መጋጠሚያውን በሚያጣብቁበት ዕለት እንደ አዲስ ይላጉት፤ ከእሳት ርቀው፣ አሴቶን (ቅባትን የሚያሟሟ፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ) በነካ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ አሴቶኑ እንደተነነ ሳይውሉ ሳያድሩ ያጣብቁ። ጠረጴዛው ደጅ የሚውል ከሆነ ኢፖክሲ (ሁለት ነገሮች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ማጣበቂያ) እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ማሰሪያውን ከልክ በላይ ካጠበቁት ኢፖክሲው ተጨምቆ ይወጣና መጋጠሚያው ባዶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የመጋዜ ጥርስ ቶሎ ቶሎ የሚዶለዱመው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቲክ በውስጡ ሲሊካ አለው፤ ይህም አሸዋ የሚሠራበት ንጥረ ነገር ነው። ጥርሱ ካርባይድ (ከተራ ብረት የሚጠነክር ቁስ) የሆነ መጋዝ ይጠቀሙ። ብናኙ ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን ሊያስቆጣ ስለሚችል አፍና አፍንጫዎን መሸፈን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ደጅ ያለው አግዳሚ ወንበሬ ግራጫ ሆነ። በስብሶ ይሆን?

መልስ፦ አልበሰበሰም። ፀሐይ የለወጠችው ላዩን ብቻ ስለሆነ በስሱ ቢላግ ወርቃማው ቡናማ መልክ ይመለሳል። «የቲክ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ተክል የተጨመቀ ዘይት ድብልቅ ነው፤ መልኩን ለጊዜው ያሳምረዋል እንጂ ለዘላቂነቱ ግድ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ «የአፍሪካ ቲክ» የሚባለው ኢሮኮ ያው ቲክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የሕንድ፣ የማይንማር፣ የታይላንድና የላኦስ ተወላጅ የሆነው ቲክ የናና ቤተሰብ ሲሆን፣ ኢሮኮ የሾላ ዘመድ ነው። ኢሮኮ ለደጅ ሥራ የሚታመን ጥሩ እንጨት ቢሆንም፣ አንዳንዴ በውስጡ ድንጋይ የመሰለ የካልሲየም ክምችት ይሸሽጋል፤ የመላጊያዎ ስለት በድንገት ቢሸረፍ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት እርሱን ይሁን።