ሪሌው ሲሰካ ቦርዱ ለምን አይነሳም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ለክፍል ማሳያ የሚሆን ትንሽ የስማርት ሆም ሥራ ኢኤስፒ32 በሚባል፣ ዋይፋይ ባለውና ኮድ በሚጫንበት ትንሽ ቦርድ ላይ እየሠራሁ ነው። መብራት በስልክ ማብራትና ማጥፋት፣ የክፍሉን ሙቀትና ብርሃን ማሳየት ነው ሐሳቡ። ለየብቻ ስሞክራቸው ሁሉም ይሠራሉ። አንድ ላይ ሳደርጋቸው ግን ጉድ ፈላ። ሪሌው፣ ማለትም መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ፣ ፒን 12 (የቦርዱ 12 ቁጥር መሰኪያ እግር) ላይ ካለ ቦርዱ አይነሳም፣ ስነቅለው ይነሳል። ፒን 26 ላይ ያለው የብርሃን ሴንሰር ዋይፋይ ሲገናኝ ማንበብ ያቆማል። ሪሌውን ሌላ ፒን ላይ አድርጌ ስሞክር ደግሞ ቀጭ ባለ ቁጥር ቦርዱ ሪስታርት ያደርጋል። ኮዱን ከዜሮ ጻፍኩት፣ ለውጥ የለም። ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን? በማሳያው ቀን የግድግዳ አምፖል ላበራበት አስቤ ነበር።
ግራ የገባት ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፍሽው ምልክት ሁሉ የሚናገረው ቦርድሽ ደህና እንደሆነ ነው። ኮዱንም ለጊዜው ተይው። ችግሩ ያለው የፒን ምርጫሽና የኃይል አሰጣጥሽ ላይ ነው።

ከፒን 12 እንጀምር። ኢኤስፒ32 ኤሌክትሪክ እንዳገኘ፣ ያንቺን ኮድ ገና ሳይነካ፣ የተወሰኑ ፒኖቹን አየት ያደርጋል፤ እንዴት እንደሚነሳ የሚወስነውም በዚያች ቅጽበት እነሱ ላይ ባገኘው ቮልቴጅ ነው። 0፣ 2፣ 5፣ 12 እና 15 ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ፒን 12 ያኔ ላይ ሃይ፣ ማለትም ቮልቴጅ ያለበት፣ ሆኖ ከተገኘ፣ ቺፑ ፕሮግራምሽ የሚቀመጥበት ፍላሽ ሚሞሪ በ1.8 ቮልት የሚሠራ ነው ብሎ ይወስዳል። አብዛኞቹ ቦርዶች ላይ ያለው ፍላሽ ግን 3.3 ቮልት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ማንበብ ያቅተዋል። ቦርዱ የሚልካቸውን መልእክቶች ኮምፒውተርሽ ላይ የሚያሳየውን ሰርያል ሞኒተር በ115200 ፍጥነት ከፍተሽ ብታዪ፣ ፍላሽ ማንበብ አልቻልኩም የሚል መልእክት እየደጋገመ ሲወርድ ታገኚዋለሽ። ሪሌው እዚህ ውስጥ ምን አገባው ትዪ ይሆናል። በገበያ ያሉት ብዙዎቹ የሪሌ ሞጁሎች መግቢያቸው ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው የሚበሩት፤ ማንም ካላዘዛቸው ፒኑን ወደ ላይ ይስቡታል፣ ቦርዱም በዚያው ይሳሳታል። ሲነቀል የሚነሳው ለዚህ ነው። ወደ 23 ወይም 19 አዙሪውና ይገላገላል። ቦርዱ ሲነሳ አንዴ ብቻ በሚሠራው የኮድሽ ክፍል፣ ሴትአፕ ውስጥም ፒኑን አውትፑት እንዳደረግሽ ወዲያው ሃይ አድርጊው፤ አለዚያ ቦርዱ በተነሳ ቁጥር መብራቱ ሳይታዘዝ ይበራል።

ይህ የምልሽ ለመጀመሪያው፣ ለተለመደው ኢኤስፒ32 ነው። ያለሽ ኤስ3 ወይም ሲ3 ከሆነ የፒኖቹ ቁጥር ስለሚለያይ የራሱን የፒን ሥዕል ተመልከቺ።

የብርሃን ሴንሰሩ ነገር ቀላል ነው። ቺፑ አናሎግ የሚያነብባቸው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ሁለተኛውን ዋይፋይ ለራሱ ይጠቀምበታል። ፒን 26 ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከ32 እስከ 39 ካሉት ወደ አንዱ፣ ለምሳሌ 34 ላይ ሰኪው። ከ34 ጀምሮ ያሉት ለማንበብ ብቻ ናቸው፣ ሪሌ አይታዘዝባቸውም።

ሪስታርቱ ከኃይል ማነስ ነው ብዬ አጥብቄ እጠረጥራለሁ። ዋይፋይ መልእክት በሚልክበት ቅጽበት ቦርዱ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፒር ይስባል። የሪሌው ጥቅል ሽቦ በዚያው ሰዓት የራሱን ድርሻ ከዚያው መስመር ሲወስድ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቺፑም ራሱን ለመጠበቅ ዳግም ይነሳል። ሰርያል ሞኒተሩ ላይ ብራውንአውት (የቮልቴጅ መውረድ) የሚል ቃል ካየሽ ነገሩ አለቀለት፣ እሱው ነው። ሪሌውን ከ3.3 ቮልቱ ፒን ላይ አንሺው። 5 ቮልት ለብቻ ስጪው፤ የሁለቱን ግራውንድ (ጂኤንዲ የተጻፈበትን የዜሮ ቮልት መስመር) ግን የግድ አገናኚ፣ ካልተገናኙ ትእዛዙ አይደርስም። የዩኤስቢ ገመዱንም ቀይሪና ሞክሪ። ቀጭንና ረጅም ገመድ ስንቱን ሰው አድክሟል!

የሙቀት ሴንሰርሽ ዲኤችቲ22 ከሆነ በ2 ሴኮንድ አንዴ ብቻ አንብቢው። ኮዱን አስቁሞ የሚያስጠብቀውን ዲሌይ ግን ረጅም አድርገሽ አትጠቀሚ፣ ስልኩ ትእዛዝ ሲልክ ቦርዱ ተኝቶ ይጠብቀዋል።

ስለ ግድግዳ አምፖሉ፦ እባክሽ ተይው። ብዙ ሰው በሚነካካው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ፣ ሽፋን የሌለው ሪሌ ከሶኬት ኤሌክትሪክ ጋር መገናኘት የለበትም። በ5 ቮልት የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት አድርጊ። ሪሌው ቀጭ ይላል፣ መብራቱ ይበራል፣ መምህርሽ ማየት የሚፈልጉት ይኸው ነው።

የማሳያው ቀን ደግሞ በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ አትመኪ። ስምና የይለፍ ቃል በድረ ገጽ የሚጠይቅ ከሆነ ቦርድሽ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ ከሆነም ጭራሽ አያየውም፣ የሚያውቀው 2.4ን ነው። መፍትሔው ቦርዱ የራሱን ዋይፋይ እንዲፈጥር ማድረግ ነው። ስልክሽን እሱ ላይ ታገናኚና ብራውዘር ላይ 192.168.4.1 ብለሽ ትገቢያለሽ፤ አድራሻውን ካልቀየርሽው በስተቀር ሁሌም ይኸው ነው። ስልክሽ ኢንተርኔት የለውም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ሊሸሽ ስለሚችል፣ ዳታውን ቀድመሽ አጥፊ።