የሒሳብ መምህሩ 5፣ የሐኪሙ 22

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ለማዕረግ ዕድገት ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው። በጎግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎችንና የተጠቀሱበትን ብዛት በሚያሳየው መፈለጊያ) ኤች-ኢንዴክሴ 5 ነው፤ ማለትም እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉኝ። በአገልግሎት እኩል የሆንነው የሕክምና ኮሌጁ አብሮ አደጌ ግን 22 አለው። ይህን ያህል ወደኋላ ቀርቻለሁ ማለት ነው? ስኮፐስ በተባለው የምርምር ጽሑፎች መዝገብ ላይ ደግሞ ስሜ ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። (ከማራኪ)

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ መዝገቡ ካልጠራ ቁጥሩም አይታመንም።

ስምዎ የሚከፈለው የውጭ መዝገቦች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ስለሚወስዱት ነው። አንዱን ጽሑፍ እስከ አባት፣ ሌላውን እስከ አያት ስም ጽፈው ካሳተሙ ሁለት ሰው ይሆናሉ። የላቲን አጻጻፉም ችግር ያመጣል፤ "ቀለሙ" አንዴ በኬ፣ አንዴ በኪው ሲጻፍ ማለት ነው። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስምንት ጽሑፎች 40፣ 18፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3፣ 1 እና 0 ጊዜ ተጠቅሰዋል እንበል። አምስቱ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ ስለተጠቀሱ ኤች-ኢንዴክሱ 5 ነው። 40፣ 9፣ 5 እና 1 በአንዱ ስም፣ 18፣ 6፣ 3 እና 0 በሌላው ቢመዘገቡ ግን ሁለቱም 3 ብቻ ያሳያሉ።

ለማስተካከል መጀመሪያ ኦርኪድ በተባለው፣ ለተመራማሪዎች መለያ ቁጥር በሚሰጠው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይመዝገቡ። ባለ 16 አሃዝ መለያ ይሰጥዎታል፤ ስምዎ የተጻፈባቸውን መልኮች ሁሉ እዚያ ያስገቡ። ቀጥሎ ስኮፐስ ላይ በደራሲ ስም ፈልገው ሁለቱንም መዝገቦች ይምረጡና እንዲዋሃዱ ይጠይቁ፤ ለዚህ ክፍያ የለውም። ከዚያ በኋላ አንድ አጻጻፍ መርጠው አይለውጡ። የዩኒቨርሲቲውንም ስም "ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር" ብለው ሁልጊዜ በአንድ መልክ ይጻፉ።

ጎግል ስኮላር ላይ አዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዲጨምር አይፍቀዱ፤ በኢሜይል እንዲጠይቅዎ ያድርጉ። አለዚያ የሞክሼዎ ሥራ ይገባና ገምጋሚው ሲያየው የራስዎም ይጠረጠራል። ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ገና ያልታተሙ ረቂቆችን ጭምር ስለሚቆጥር ከስኮፐስ ከፍ ይላል። በማመልከቻዎ የየትኛውን መዝገብ ቁጥር፣ በየትኛው ቀን እንደወሰዱ ይጻፉ።

ወደ 5 እና 22 ስንመጣ፣ አይወዳደሩም። ኤች-ኢንዴክስን በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ራሱ የመስኮች ልዩነት እንዳለ ጠቁሟል። የሒሳብ ጽሑፍ ዋቢዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንባቢውም ጥቂት ነው፤ ሲጠቀስም ዘግይቶ ነው። ሕክምና ውስጥ ዋቢው ብዙ፣ ፍጥነቱም ከፍ ያለ ነው። በዓለም የበሽታ ጫና ጥናቶች ላይ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ደራሲዎች ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ ጥቅስ ለሁሉም ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። ይህን እንደ ግለሰብ ብቃት መመዘን ትክክል አይመስለንም።

ፍትሐዊው መንገድ ጽሑፉ የተጠቀሰበትን ቁጥር በዚያው መስክ፣ በዚያው ዓመት ለታተሙ ተመሳሳይ ጽሑፎች አማካይ ማካፈል ነው። ለምሳሌ የመስክዎ አማካይ 3 ሆኖ የእርስዎ 6 ቢሆን ውጤቱ 2 ነው። የሐኪሙ 20፣ የመስኩ አማካይ 25 ቢሆን 0.8 ይሆናል። ስኮፐስ ይህን መለኪያ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ገጽ ያሳያል፤ 1 ማለት የዓለም አማካይ ነው። የጽሑፎችዎ ብዛት ትንሽ ሲሆን ግን አንድ ብዙ የተጠቀሰ ሥራ አማካዩን ይስበዋልና፣ ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን የሦስት አራት ምርጥ ሥራዎችዎን ውጤት በየተራ ያስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ምን አዲስ ነገር እንዳረጋገጡ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።